ከሸክላው ጀርባ ያሉ ስሞች

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ካሴት አገኘ። ሲያዳምጠው አኮርዲዮን አለ፣ ሮድስ ፒያኖ አለ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር አለ፣ ከሥር የድራም ማሽን ይመታል፤ ሁሉንም የተጫወተው አንድ ሰው ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን የሠራው ቅጂ ነበር። ሺምኮቪትዝ ስልክ ቁጥር አፈላልጎ ደወለ። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ያኔ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ታክሲ ነጂ ነበር። ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድበታል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣ፤ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበሙን አቀረበ። (ወደ ታች ከምጠቅሰው የአዋጅ ቁጥር በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ታሪክ የዓለም ጋዜጦች ደጋግመው ጽፈውታል፤ እኛም እየተቀባበልን አጋርተነዋል። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኃይሉ ጠፍቶ አያውቅም። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ኢትዮጵያዊ በየመንገዱ የሚገናኝባቸው ሰፈሮች ናቸው፤ በየሠርጉና በየለቅሶው የሚያዩት ሰዎች ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ካሴቱም ባሕር ዳር ቁጭ ብሏል። ሰውየውም ካሴቱም እኛው ዘንድ ነበሩ። ያልነበረው ደውሎ «እንደምን ነዎት ጋሼ፣ ያንን ሥራ እንዴት ሠሩት?» ብሎ መልሱን የጻፈ ሰው ነው። ያንን ያደረገው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሆነ። እንግዳውን አመሰግናለሁ። ወቀሳው ወደዚህ ወደ እኛ ነው።

ጥሪዬም ለእኩዮቼ ነው። የተዘረገፈ የካሴት ክር በቢክ እስክሪብቶ ያጠነጠንን፣ የካሴቱን ራስ በወረቀት ደፍነን በአባታችን ዘፈን ላይ ሌላ የቀዳን፣ ዛሬ ደግሞ ድምፅና ምስል የሚቀርጽ ስልክ በኪሳችን የያዝን ሰዎች። ታላላቆቻችን ሙዚቀኞቹን በመልክ ያውቋቸዋል፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። ታናናሾቻችን ዘፈኑን በአንድ ጊዜ ስልካቸው ላይ ያገኙታል፤ የካሴት ሽፋን ግን ገልብጠው አያውቁም። በሁለቱ መካከል የቆምነው እኛ ነን፤ ሥራውም የእኛ ነው።

ሙዚቀኞቹ የተበተኑት በየግል ዕጣቸው ብቻ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። አምሃ ገና የሃያዎቹ ጎረምሳ ነው። ክልከላውን ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸ፣ ውጭ አገር አሳትሞ አስገባ፣ ሸጠ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ከዚያ እሱም አሜሪካ ገባ፤ በ2021 አረፈ። ዓሊ አብደላ ካይፋ፣ ብዙዎቻችሁ ዓሊ ታንጎ የምትሉት፣ በካይፋ ሪከርድስ ሥራውን ቀጠለ።

የ1974ቱ አብዮት ሰዓት እላፊን ይዞ መጣ፤ ለብዙ ዓመታትም አልተነሳም። በሌሊት የሚኖር ሙዚቃ ሌሊቱን ተነጠቀ። አንዳንድ ሆቴሎች ዘዴ አበጁ፤ እንግዳው ከሰዓት እላፊው በፊት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እስኪነጋ ይጨፈራል። አብዛኛው የምሽት ክበብ ግን ከሰመ። ወጣቱን የኪነት ቡድኖች ወሰዱት። ሸክላ በሰባዎቹ መጨረሻ ቆመ፣ ካሴት ቦታውን ወረሰ። ካሴት ለመቅዳት ርካሽ ነው፤ ለመስረቅ ደግሞ ከዚያም ይረክሳል።

ዋልያስን እንውሰድ። የአዲስ አበባ ሂልተን ባንድ ነበር። በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» ድምፃዊ የማያስፈልገው፣ መሣሪያው ራሱ የሚናገርበት አልበም ነው፤ «ሙዚቃዊ ስልት» ከዚያ ውስጥ ነው። ዛሬ ባሕር ማዶ ያሉ ባንዶች ሳይቀሩ ይጫወቱታል። በ1981 ቡድኑ ለዝግጅት አሜሪካ ሄደ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ድራም መቺው ተማረ ሐረጉና ትራምፔት ተጫዋቹ ዮሐንስ ተኮላ ወደ አገር ተመለሱ። ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። የቀሩት በኋላ ከዓለም መገናኛ ብዙኃን ጋር የመገናኘት ዕድል አገኙ። በሰዓት እላፊ ወደተቆለፈች ከተማ ስለተመለሱት ስንት ሰው ጽፏል? «ሙዚቃዊ ስልት»ን ከሚያፏጭ ሰው መካከል የተማረ ሐረጉን ስም የሚጠራ ስንት ይገኛል? እኔ ብዙ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ጥያቄውን አድማጭ ነን በሚሉ ሰዎች መካከል ጣል አድርጋችሁ ሞክሩት።

የግርማ በየነ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይገርመኛል። ፒያኖ ተጫዋች፣ አቀናባሪ፣ ሲፈልግም ድምፃዊ። በራሱ ድምፅ ሸክላ ላይ ያስቀረው አራት ዘፈን ብቻ ነው፤ ለሌሎች ያቀናበረው ግን ከስልሳ ይበልጣል። እናቶቻችንና አባቶቻችን በወጣትነታቸው የጨፈሩበት ብዙው ነገር በእሱ እጅ ያለፈ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካ ሳለ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠርቷል። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳዮች ባንድ ጋር በ2017 አልበም አወጣ፤ «ኢትዮፒክስ» የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ሠላሳኛ ቅጽ ሆነ። ያንን ተከታታይ ከ1997 ጀምሮ ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው፤ እሱም ፈረንሳዊ። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸ፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገለ ሰው ነው፤ በእርጅናው ዘመን ከጎኑ ቆሞ «ሞዓ አንበሳ»ን በ2006 ያስቀረጸው ዘ ኤክስ የተባለ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ነው። አያሌው መስፍን ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር የሠራቸው ዘፈኖች በደርግ ዘመን ታገዱ፤ እሱም ታሰረ። ኑሮውን ኮሎራዶ ካደረገ ከዓመታት በኋላ፣ በ2018፣ «ሐሳቤ» በሚል ስም ሥራዎቹን ሰብስቦ ያወጣው የካሊፎርኒያ አሳታሚ ነው።

ፈረንሳይ፣ ሆላንድ፣ ካሊፎርኒያ። ዝርዝሩ ውስጥ መርካቶ የለችም፣ ፒያሳ የለችም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ካሴቶቻችን ራሳቸው ናቸው። ሽፋኑ ላይ ድምፃዊው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይስቃል፤ ከኋላው ስለቆሙት ብዙ ጊዜ የሚገኘው የባንዱ ስም ብቻ ነው። ቤዝ ማን መታ? ሳክስፎኑን ማን ነፋ? የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራን ዘፈኖች በደስታ እንሰማለን፤ ከዜማዎቹና ከቅንብሮቹ ጀርባ የነበሩትን ሳህሌ ደጋጎንና የማንዶሊኑን አየለ ማሞን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ለስንት የአዲስ አበባ ኦርኬስትራ እንዳቀናበረና እንዳሠለጠነ የሚያውቁት የሙዚቃ ተማሪዎች ናቸው፤ እነሱም ሁሉም አይደሉም። የሬዲዮ አቅራቢዎቻችን ጥፋትም አለበት። «የእገሌ ዘፈን ነበር» ብለው ያልፋሉ። ገጣሚው፣ የዜማው ባለቤት፣ አቀናባሪው ሦስት ሰኮንድ አይፈጁም።

ሕጉ አይጠብቃቸውም ወይ የሚል ይኖራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ለዜማ ደራሲ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት መብት ይሰጣል። ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂው አሳታሚ ግን የሚቆጠረው 50 ዓመት ብቻ ነው፤ ያውም ሥራው ከተቀረጸበት ወይም ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ። እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አምሃ ከ1969 እስከ 1975 ያወጣቸው ሸክላዎች በዚህ ስሌት ሃምሳቸውን ሞልተዋል። ድራም የመታው፣ ትራምፔት የነፋው ሰው ገና በሕይወት እያለ የገንዘብ መብቱ ጊዜ ያልፍበታል። ከዚህ በኋላ ለእሱ የሚቀርለት ስሙ ነው። ያም ቢሆን ስሙን የጻፈለት ሰው ካለ።

ስለዚህ ምን እናድርግ? አገር ቤት ያላችሁ፣ ከአልጋ ሥር ያለውን ካርቶን አውጡት። ካሴቱን ወዲያው ቴፕ ውስጥ ከትታችሁ አታጫውቱት፤ ክሩን የምትደግፈው ትንሽ ስፖንጅ ሙጫዋ ደርቆ ተነቅላ ሊሆን ይችላል፣ የቴፕ ማጫወቻውም ራስ በአልኮል መጠረግ አለበት። ሻጋታ ካለው ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ወደ ኮምፒዩተር ስትገለብጡ ያልታመቀውን የዌቭ ፋይል አስቀምጡ፤ ለቴሌግራም የምትልኩትን ቀለል ያለ ቅጂ በኋላ ታወጣላችሁ። የሽፋኑን ፊትና ጀርባ፣ በእስክሪብቶ የተጫረችውን ጽሑፍ ሳይቀር ፎቶ አንሱ። አባባ እዚያ ላይ የጻፉት ቀን ለአጥኚ ወርቅ ነው። የገለበጣችሁትን አንዱን ቅጂ ስድስት ኪሎ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ሌላውን ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወይም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ለመስጠት ጠይቁ። ይቀበሉ አይቀበሉ የእነሱ ፈንታ ነው፤ ደጋግሞ መጠየቅ የእኛ።

ዩቲዩብ ላይ የድሮ ዘፈን የምትጭኑ ልጆች፣ ውለታችሁ ትልቅ ነው፤ እናንተ ባትኖሩ ግማሹን ሰምተነው አናውቅም ነበር። ግን ከርዕሱ ሥር «ምርጥ የድሮ ሙዚቃ» ብላችሁ አትለፉ። የምታውቁትን ስም ጻፉ፣ የማታውቁትን «የሚያውቅ ይንገረን» በሉ። ከሥር የሚመጣው ክርክር ራሱ መዝገብ ነው፤ አንዱ «ሳክስፎኑ አጎቴ ነው» ይላል፣ ሌላው «አይደለም፣ እሱ ያኔ ምድር ጦር ነበር» ይላል፤ እውነቱ እንዲህ ይነጥራል። የያሬድ ተማሪዎች ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ ሺህ ጊዜ የተጻፈባቸውን አራትና አምስት ታላላቆች ለጊዜው ተዉአቸው። አንድ ቤዝ ተጫዋች ውሰዱ። አንድ ሰው ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስ፣ ስቶክሆልም፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ያላችሁ የበለጠ ዕዳ አለባችሁ፤ ብዙዎቹ ያሉት እናንተ ጋ ነው። ቡና ላይ «ጋሼ እገሌ ድሮ ይጫወት ነበር» ሲባል ሰምታችሁ አታሳልፉ። ፈቃድ ጠይቁ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። መሣሪያውን መጀመሪያ የነኩት የት ነው? ማን አስተማረዎት? እዚያ ቅጂ ላይ ከጎንዎ ማን ነበር? ስንት ከፈሏችሁ? ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወቱት መቼ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ሊያስለቅስ ይችላል፤ አትቸኩሉ። ሥራቸው እንደገና ሊታተም ነው ቢባል ደግሞ ውሉን የሚያነብላቸው ጠበቃ ከመካከላችሁ አይጠፋም።

በዚህ ሥራ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ እያየሁ ነው። የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ታክሲ መንዳትንና ነዳጅ መቅዳትን እንደ ውርደት እንቆጥራለን። ስንቱ ኢትዮጵያዊ በዚያ ሥራ ልጅ አስተምሮ፣ ቤት ሠርቶ፣ እናት ጧሯል። ታክሲው ኃይሉን አላዋረደውም፤ አብልቶታል።

ደግሞም መድረኩን የለቀቀ ሁሉ ተገፍቶ አልለቀቀም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራቸውን በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ በሸክላ አሳትመው ነበር፤ ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በ2006 «ኢትዮፒክስ» ሃያ አንደኛ ቅጹን ለእሳቸው ከሰጠ ወዲህ ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት በምንኩስና ኖሩ፤ ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም፣ በ2023 እስካረፉ ድረስ። የፈለጉት ኑሮ ነበር። ሙሉቀን መለሰ ገና ልጅ ሳለ መድረክ የወጣ፣ በድምፁ አገር ያነጋገረ ሰው ነው፤ ወንጌልን ተቀብሎ ዓለማዊውን ዘፈን እርግፍ አድርጎ ተወ። ወዳጆቹ ለዓመታት «አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ለምነውታል። አልዘፈነም። በ2024 አሜሪካ ውስጥ አረፈ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥማችሁ ካሜራ ይዛችሁ በሩን አታንኳኩ። ደውላችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። እምቢ ካሉ፣ የተጫወቱበትን ሥራ ስማቸውን አስተካክላችሁ መዝግቡና ተዉአቸው።