ታርዛንንም እናሳያቸው፤ አጠገባቸው ግን እንቀመጥ

በስደት ያለን ወላጆች ስንገናኝ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ በመስጊድ፣ በሰርግም ሆነ በየዓመቱ በሚደረገው የእግር ኳስ ውድድር ላይ፣ ወሬያችን ሁለት ነው። አንዱ የአገር ቤት ፖለቲካ ነው። ሌላው ልጆቻችን ናቸው። «አማርኛ አይሰሙም፤ ብንነግራቸውም አይገባቸውም፤ ስለ አገራቸው ግድ የላቸውም» የሚለው እሮሮ የማይሰማበት ቦታ የለም። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም የታወቀ ነው። የቅዳሜ የፊደል ትምህርት አለ፤ ገንዘቡ ለተገኘለት የክረምት የአገር ቤት ጉዞ አለ፤ እስክስታ አለ። ሁሉም ደግ ነው፤ አንቃወምም። ዛሬ የምናነሳው ግን ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ነው፤ ልጅ ሆነን ያየናቸውን ፊልሞች።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ካለ ጥቂት ይታገሠን። ፊልም ምን ሊሠራ እንደሚችል የእኛ ሕዝብ በደንብ ያውቃል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስል ጋር ቆራርጦና ቀጣጥሎ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። መቀሱን የያዙት ሰዎች ምን እያሰቡ እንደነበር ግን ብዙው ሕዝብ የተረዳው እየዋለ እያደረ ነው። (አዲስ አበቤ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ማለቱ እንዲያው በከንቱ አይመስለንም!)

ወደ ልጆቻችን እንመለስ። «ቋንቋው አይገባቸውም፣ የጥንት ፊልም ያሰለቻቸዋል» ለሚሉ ወላጆች አንድ ጥያቄ አለን። ለመሆኑ እኛ የህንድ ፊልም ስናይ ሂንዲ እንሰማ ነበር? ሲኒማ አምፒር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምባሳደር፣ መርካቶ ሲኒማ ራስ፣ በኋላም በየሠፈሩ በተከፈተው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ስናለቅስ አንዲት ቃል የሚሰማ አልነበረም። ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ አንብቦ የሚደርስበት ቢገኝ አንድ ታላቅ ወንድም ወይም የሠፈሩ ጎበዝ ተማሪ ነው። እሱም ዝም ብሎ አያይም። «ይሄ እኮ የጠፋው ወንድሙ ነው፤ አላወቀውም!» እያለ ይተረጉማል፤ ያልገባውን ከራሱ ይጨምራል፤ አንዳንዴ ትርጉሙ ከፊልሙ ይበልጣል። ዛሬ ልጆቻችን በር ዘግተው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ ለየብቻቸው ያያሉ። ቋንቋውን አሳምረው ይሰማሉ፤ «ይሄ እኮ ወንድሙ ነው» የሚላቸው ግን የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምንመርጠው «ማዘር ኢንዲያ»ን ነው። መህቡብ ካን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው፣ ናርጊስ ራዳ ሆና የተጫወተችበት ፊልም ነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ለሁለት ማታ ቢከፈል አይጎዳም። ታሪኩን የማያስታውስ ካለ እናስታውሰው። አማት ለልጇ ሰርግ ከአራጣ አበዳሪው ከሱኪላላ ገንዘብ ትበደራለች። ውሉን ማንበብ አትችልም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለአበዳሪው ይፈርዱና ገበሬዎቹ ከምርታቸው ከአራት ሦስቱን እጅ ለወለድ ብቻ እንዲያስረክቡ ይሆናል። ባል ሁለት እጁን በድንጋይ ተቀጥቅጦ ያጣል፤ ሸክም ሆንኩ ብሎ ቤቱን ጥሎ ይጠፋል። እናት ሞፈሩን ራሷ ትጎትታለች። በመጨረሻ ሽፍታ የሆነው ልጇ ቢርጁ አበዳሪውን ገድሎ ሴት ልጁን ከሰርጓ ጠልፎ ሲሄድ፣ ያ ሁሉ መከራ የወረደባት እናት የገዛ ልጇን በጥይት ትመታዋለች።

ይህን ፊልም ዘፈኑና ለቅሶው ብቻ ያስወደደው የሚመስላቸው አሉ። በእኛ ግምት እንደዚያ አይደለም። በዚያ ዘመን አዳራሹን የሞላው ሰው ከገጠር ከወጣ አንድ ትውልድ ያልሞላው ነበር፤ አራጣ ምን እንደሆነ፣ ያልገባህን ወረቀት በጣት መፈረም ምን እንደሚያስከትል ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1965 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡለት ገበሬ እና ያቺ ሞፈር የምትጎትት ሴት አንድ ናቸው። ሎንደን ወይም አትላንታ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህን በራሱ ሊያውቅ አይችልም። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ፊልሙን አቁሞ «አያትህ ለባላባቱ ሲሶውን ሰጥቶ በቀረው ያድር ነበር» ካለው ግን ህንዳዊቷ ራዳ ዘመዱ ትሆናለች።

ሁለተኛው ምርጫችን ብዙዎችን ያስቆጣ ይሆናል። ታርዛን ነው።

«ጥቁርን የሚንቅ ፊልም ለጥቁር ልጅ? ያውም በዚህ አገር፣ በዚህ ጊዜ?» የሚል ተቃውሞ ሲመጣ ይታየናል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ እኛም ታርዛን መታየት አለበት የምንለው ስለዚሁ ነው። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ በልጅነቱ ጎንደር ስላያቸው ፊልሞች በቃለ ምልልስ ተናግሯል። እሱና ጓደኞቹ ፊልሙን አይተው ሲወጡ ተራራው ላይ ካውቦይና ህንዶች ይጫወቱ ነበር፤ ሁሉም መሆን የሚፈልገው ካውቦዩን ነው። የታርዛንን ፊልም ሲያዩ ደግሞ አፍሪካውያኑ ከኋላ አድፍጠው ሲመጡበት፣ ልጆቹ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኹ ነበር። ልብ በሉ! አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ የአርበኛ ታሪክ እየሰማ ያደገ ልጅ አዳራሽ ሲገባ ለታርዛን ይጮህ ነበር። ካሜራው ታርዛን ትከሻ ላይ ስለተቀመጠ ልጁም እዚያው ተቀመጠ። «አክተሩ» ታርዛን ነዋ!

ይህን ኃይል የማያውቅ ልጅ ነገ ቴሌቪዥንም ሆነ ስልኩ ማንን ጀግና፣ ማንን አውሬ አድርጎ ቢያቀርብለት ያምናል። ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላውን ልጅ አጠገባችን አስቀምጠን እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣውን የጆኒ ዋይዝሙለርን ታርዛን ብናሳየው ትምህርቱ ቀላል ነው። አፍሪካ የተባለው ጫካ በአብዛኛው እዚያው ካሊፎርኒያ ነው። ዝሆኖቹ የእስያ ዝሆኖች ናቸው፤ የአፍሪካ እንዲመስሉ ትልልቅ የውሸት ጆሮ ተሰክቶላቸዋል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ከዚያ በኋላ ከጆሮው ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ዝሆኑ የውሸት ከሆነ ሌላው ምኑ ነው የውሸት? ይህን ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ እኛ ስብከት ማብዛት አይጠበቅብንም። ማንን እያየን ፈራን? ማንስ ስም ተሰጠው፣ ማን ስም የለውም? ሁለት ሦስት ጥያቄ ይበቃል።

በመሃል ቀለል ያለ ለሚፈልግ የቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ኪድ» (እ.ኤ.አ. 1921) አለ። ድምፅ የለውም፤ አማርኛ አይችልም እንግሊዝኛ አይችልም የሚል ሰበብ አይሠራበትም። ትንሹ ልጅ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ ቻፕሊን መስታወቱን በጀርባው አዝሎ ሊጠግን ከተፍ ይላል። ባለሥልጣናቱ ልጁን ለመውሰድ ሲመጡ ግን በዚህ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ሁሉ ሆዱ መባባቱ አይቀርም። ብሩስ ሊንም አንረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን «ኢንተር ዘ ድራገን» እሱ ራሱ ሲታይ ሳያይ ነው የሞተው። ለትንንሾች አይሆንም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ለሞላው ደህና ነው፤ የሳሎኑ ዕቃ ግን ቀደም ብሎ ይነሳ።

እዚህ ላይ አጠገብ መቀመጥ የማይችሉ ወገኖቻችንን ማንሳት ይገባል። ሪያድና ቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ልጃቸው አያቱ ዘንድ የሚያድግ እናቶች ብዙ ናቸው። ለእነሱ «አጠገባቸው ተቀመጡ» ማለት ስድብ ይሆናል። እናቲቱ ከሥራ በኋላ፣ ልጁ ደግሞ በበኩሉ አንድ ዓይነት ፊልም አይተው ዓርብ ዕለት በስልክ ቢያወሩበት ግን «በላህ ወይ፣ ተማርክ ወይ» ከሚለው የተሻለ ወሬ ይወጣዋል ብለን እናስባለን።

የመጨረሻው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ያ ለታርዛን ይጮህ የነበረ የጎንደር ልጅ አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ሄዶ፣ ፊልም ተምሮ፣ በ1974 ንጉሡ በወረዱበት ወቅት አገሩ ገብቶ በሁለት ሳምንት ያነሳው ፊልም። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አማርኛ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ካሜራው በዚህ ጊዜ የተቀመጠው ከጭሰኛው ቤተሰብ ጋር ነው። ባለመሬቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲሳደብ ይውላል፤ ከብት ጠባቂዋ ትንሽ ልጅ ለጌታው ላም ስትል በውኃ ትወሰዳለች። ከእኛ መካከል በልጅነቱ ያየው ጥቂት ነው፤ ያ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ታርዛን ጎንደር ድረስ ሲደርስ ስለ ገበሬው የተሠራው የገዛ ፊልማችን ብዙዎቻችን ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ቢያየው ይችለዋል። በ2008 የወጣው «ጤዛ» ደግሞ ሁለት ዓመት ይቆይለት።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንንገራችሁ። ከ«ማዘር ኢንዲያ» በኋላ ልጁ ያለቅሳል፤ ከታርዛን በኋላ ይስቃል። ከዚህኛው በኋላ ግን ዞር ብሎ «የእኛ ሰዎች የትኞቹ ነበሩ? ጭሰኛው ነው ወይስ በረንዳው ላይ የተቀመጠው?» ብሎ ይጠይቃል። በየስብሰባው አዳራሽ አንድ ላይ የምንቀመጠው የባለርስት ልጆችም የጭሰኛ ልጆችም ነን፤ ከአምሳ ዓመት በኋላም እርስ በርሳችን አንጠያየቅም። ልጁ ግን አጠገባችን ተቀምጧል፤ ፊልሙም አልቋል፤ መብራቱም በርቷል።