አንድ ቀን የሚነሳ፣ አንድ ቀን የሚያኮርፍ ላፕቶፕ

«ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራበት ላፕቶፕ አንድ ቀን ይነሳል፣ አንድ ቀን አልነሳም ይላል። ጥገና ቤት ብንወስደው ‹ማዘርቦርዱ ሄዷል፣ ሌላ ግዙ› አሉን። ቤት ስንመልሰው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ። ምን ይሻለናል?» የሚል ጥያቄ ከአንዲት እናት ደርሶናል። በዚህ ጉዳይ የሚጠይቀን ሰው ብዙ ስለሆነ የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ሰጥተነዋል።

እህታችን፣ ላፕቶፑ አሁን ተነስቶ ከሆነ ጋዜጣውን ያስቀምጡትና መጀመሪያ ጽሑፉ ይገልበጥ። ፍላሽ ላይ ብቻ አይበቃም፤ ፍላሽ ይጠፋል፣ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ሲዞርም ቫይረስ ይለቅማል። ልጅዎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ለራሷ ትላከው። ከዛሬ ጀምሮም የዕለቱን ሥራ ማታ ማታ እንደዚሁ ታስቀምጥ። ላፕቶፑ ቢሞት ሌላ ይገዛል፤ ጽሑፉ ግን ከየትም አይገዛም።

ጨርሶ የሞተ ላፕቶፕ ለምርመራ ይቀላል። የሚያስቸግረው እንዲህ አንዴ እሺ አንዴ እምቢ የሚለው ነው። ቢሆንም ይኸው ጠባዩ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ዛሬ ጠዋት ተነስቶ ሲሠራ የዋለ ማሽን አብዛኛው አካሉ ደህና ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የላላ፣ የቆሸሸ ወይም ያረጀ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ሳይከፈት «ማዘርቦርድ ነው» የሚል ፍርድ ሲሰሙ ሌላ ለመግዛት አይቸኩሉ። ለሦስት አራት ቀን ደብተር ላይ ይመዝግቡ፦ እምቢ ያለው ቀዝቅዞ ሳለ ነው ወይስ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ? ቻርጀር ላይ ነበር? መብራቱ በርቷል? ስክሪኑ ላይ ምን ታየ? ምርመራው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቁልፉን ሲጫኑት አንዲትም መብራት ካልበራ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ሶኬቱንና ማከፋፈያውን ይቀይሩ። የቻርጀሩን ገመድ ከጫፉ አካባቢ ያስተውሉት፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ የሚበጠሰው እዚያ ሲሆን ከላይ ላስቲኩ ደህና ይመስላል። የሌላ ሰው ቻርጀር ለመሞከር ከተዋሱ ጫፉ መግባቱ ብቻ አይበቃም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት (ብዙዎቹ 19 ወይም 19.5 ናቸው) ከራስዎ ጋር አንድ መሆን፣ አምፒሩም እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት።

ከዚያ ገንዘብ የማያስወጣውን ዘዴ ይሞክሩ። ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያውጡት። ማስነሻውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ። ይህ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያራግፋል። ቀጥሎ ባትሪውን ሳይመልሱ በቻርጀር ብቻ ያስነሱት። ያለ ባትሪ ሁልጊዜ የሚነሳ ከሆነ ጥፋተኛው ባትሪው ሳይሆን አይቀርም። ባትሪው አብጦ፣ የመዳፊት ሰሌዳውን ወደ ላይ ገፍቶ ወይም ክዳኑ አልገጥም ብሎ ካገኙት ግን ሙከራው ይቁም። ያበጠ ባትሪ ሊቀጣጠል ስለሚችል አይጫኑት፣ አይብሱት። መብራት ሲሄድም ላፕቶፑን ከሶኬት መንቀል ይልመድባችሁ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚወጣ የሚወርደው ኃይል ያረጀ ቻርጀርን ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው ሁኔታ መብራቱ በርቶ፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሲሆን ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ያገናኙት። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል ከመጣ ጣጣው የስክሪኑ ወይም የገመዱ ነው፣ ሌላው ደህና ነው። ካልመጣ የካፕስ ሎክ መብራት ደጋግሞ ብልጭ እንደሚል ወይም ማሽኑ ጢት ጢት እንደሚል አስተውለው ይቁጠሩት። ብዙ ኤችፒና ዴል ላፕቶፖች የታመመውን አካል የሚናገሩት በዚህ ነው፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በየሞዴሉ የአምራቹ መመሪያ ላይ አለ።

እንዲህ ዓይነቱን ምልክት ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሙን ነው። የበጋ አቧራ በማራገቢያው ቀዳዳ ገብቶ የራሙ መገናኛ ላይ ያርፋል፤ ቦርሳ ውስጥ ሲንገጫገጭም ራሙ በትንሹ ከቦታው ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ነው አንድ ቀን የሚነካካው፣ አንድ ቀን የማይነካካው። ካቻቢቴ መያዝ የሚችል ሰው ቤት ካለ እዚሁ ይሠራል። ቻርጀር ይነቀል፣ ባትሪ ይውጣ፤ ባትሪው ውስጥ ከሆነ ገመዱ ከቦርዱ ይለያይ። ከሥር ያለው ክዳን ሲከፈት ራሙን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ጆሮዎች ወደ ውጭ ሲገፉ ራሙ ራሱ ጋደም ብሎ ይነሳል። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያ ቀጭ እስኪል ድረስ መመለስ ነው። ራሞቹ ሁለት ከሆኑ አንድ አንዱን ብቻውን ይሞክሩ። አንዱ ሲገባ ሁልጊዜ የሚነሳ፣ ሌላው ሲገባ የሚያስቸግር ከሆነ በሽተኛው ታወቀ ማለት ነው።

እግረ መንገድ ሳንቲም የምታክለውን የሰዓት ባትሪ ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ በቀጭን ገመድ ተጠቅልላ ትገኛለች። ስትደክም ማሽኑ ቀኑን ይረሳል፣ አንዳንዱም ሲነሳ ኤፍ 1 ን ተጫኑ ብሎ ይቆማል። እዚህ ላይ አንድ የኛ አገር ወጥመድ አለ፦ ኮምፒውተሩ የዘንድሮውን የኢትዮጵያ ዓመተ ምህረት ቢያሳይዎ «ትክክል ነው» ብለው አይለፉት። የሚቆጥረው በፈረንጅ ነውና ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተጉዟል።

ሦስተኛው፣ ለልጅዎ ጽሑፍ ከሁሉም የሚያሰጋው፣ የአምራቹ አርማ ከታየ በኋላ የሚቆም ላፕቶፕ ነው። እዚህ የሚጠረጠረው ሃርድ ዲስኩ ነው። የድሮው ዓይነት ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው (ብዙዎቹ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራሉ) እየሠራ ሲነቃነቅ ወይም ሲወድቅ ይጎዳል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ ደጋግሞ ማስነሳት ይቅር፤ እያንዳንዱ ሙከራ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ኬዝ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘትና ጽሑፉን ቀድሞ ማውጣት ይሻላል።

ጥገና ቤት የሚሰማው «ፎርማት እናድርገው» የሚለው ቃል እዚህ ጋ አደገኛ ነው። ፎርማት ፋይል ያጠፋል እንጂ የታመመ ዲስክ አያድንም። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ግን በኤስኤስዲ መቀየር ይቻላል። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ በድሮው ዲስክ ልክ የሚሠራም አለ። ለአሮጌ ላፕቶፕ ገንዘብ ይውጣ ከተባለ ከዚህ የተሻለ ማውጫ አላውቅም፤ ለመነሳት ደቂቃዎች የሚፈጀው በሰከንዶች ይነሳል።

ማዘርቦርድ አይታመምም ማለቴ አይደለም። ቀዝቃዛ ሲሆን እምቢ ብሎ፣ ሲሞቅ የሚነሳ ከሆነ የተሰነጠቀ ብየዳ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ ጠጋኙ እውነቱን ነው። ቪዲዮ እያዩ ቦርዱን ምድጃ ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ ቢነሳም ለጥቂት ቀን ነው፣ የሚወጣው ጭስም ለጤና አይበጅም። በተቃራኒው ቀዝቅዞ እየሠራ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ማራገቢያውን ከአቧራ ማጽዳትና የፕሮሰሰሩን ፓስታ ማስቀየር ነው።

ተመልሰው ጥገና ቤት ከሄዱ ደብተሩን ይያዙ። የራሙንና የዲስኩን መጠን በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ የተቀየረ ዕቃ ካለ አሮጌው እንዲመለስልዎ አስቀድመው ይንገሩ፣ ዋጋውንም ሳይከፈት ይስማሙ። ችግሩ የዲስክ ካልሆነ ደግሞ ዲስኩን እዚያው ፊትዎ አስወጥተው ቦርሳዎ ውስጥ ይዘውት ይመለሱ።