ብዙ ከሳሽ በአንድ መዝገብ

ከኦሎምፒያ እስከ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ባሉት ሆቴሎችና ቡና ቤቶች ዘፈን ሳይሰማ የሚውለው ጥቂት ነው። ባለ ዘፈኑ ድርሻዬን ብሎ አንዱን ቡና ቤት ቢከስ ግን የሚያገኘው ካሣ ለጠበቃው አበል እንኳ አይበቃውም፤ ስለዚህ ዝም ይላል።

መብቱስ ተጽፏል፤ የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውንም ዘፋኙንም ይጠብቃል። የቸገረው አከሳሰሱ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 38፣ ጥቅማቸው አንድ የሆነ ብዙ ሰዎች በወኪል እንዲከሱ ይፈቅዳል፤ ዳሩ ግን ሁሉም መስማማታቸውን ፍርድ ቤቱ እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። የአገሩን ዘፋኝ ሁሉ ፈቃድ ለቅሞ የሚጨርስ ማን ነው?

በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ዳኛው አስቀድሞ የሚመረምረው ጥያቄያቸው የጋራ፣ ወኪላቸውም ብቁ መሆኑን ነው። ከፈቀደ በኋላ፣ አልፈልግም ብሎ ከወጣው በቀር ሁሉም በክሱ ይገባሉ። 350 ያህል መሬት ቀያሾች፣ ፕላናችን ያለ ክፍያ ተቀድቶ ይሸጣል ሲሉ፣ ቴራኔት ከተባለው ኩባንያ ጋር በዚሁ መንገድ ተሟገቱ። እርግጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 መብቱ የመንግሥት ነው ብሎ ፈረደባቸው፤ ቢሆንም ተሰምተው ነው የተረቱት።

የ2007ቱ አዋጅ ቁጥር 872 የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲቋቋም መፍቀዱን እንወደዋለን። ነገር ግን ሮያሊቲ መሰብሰብና ፍርድ ቤት መቆም ለየቅል ነው። ሕግ በማርቀቅ ሥራ ያላችሁ ወጣቶች፣ «ሁሉም ይስማሙ» የሚለውን «ያልፈለገ ይውጣ» በሚል ብትለውጡት እንወዳለን።