ዘንባባውን ለሐምሌ አታቆየው

«ሐምሌ ሲገባ ክሬን ተከራይቼ አነሳዋለሁ» አለኝ ወዳጄ። ዘመዱ ሳሪስ ያለውን ግቢ ሊያፈርሰው ነው፤ ከቤቱ ጎን ቁመቱ ከሰው እጥፍ የሚበልጥ ዘንባባ አለ። ወዳጄ እሱን ወደ ለቡ፣ ወደ ራሱ ደጅ ሊያመጣው ቆርጧል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በየመንገዱ ዳር ትልልቅ ዘንባባ እያየ ያላማረው ማን አለ?

«ለምን ሐምሌ?» አልኩት።

«አገር ሁሉ ችግኝ የሚተክለው በሐምሌ አይደል እንዴ? ዝናቡ ያጠጣልኛል።»

«ለጽድና ለወይራ ልክ ነህ። ዘንባባ ግን ከውሃው እኩል ሙቀት ይፈልጋል። ስሩ ደህና አድርጎ የሚያቆጠቁጠው አፈሩ ሲሞቅ ነው። እኛ ያለነው ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ የለም፣ ቀኑም ከ20 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ወጣች ስትል ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርድ ይከተላል።»

«ባሕር ዳርስ? መንገዱ ሁሉ ዘንባባ ነው።»

«ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ከኛ በ3 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች። ያንተው ወፍራም ግንድ ያለው የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ መሆኑ በጀህ፤ ከተተከለ በኋላ ብርድ ይችላል። ኮኮናት ቢሆን ኖሮ ተወው እልህ ነበር። ግን ብርድ የሚችለው ስሩ ሙሉ ሲሆን ነው፤ ስሩ ተቆርጦ የመጣ ዛፍ ሌላ ነው።»

«ታዲያ መቼ ላንሳው?»

«ፋሲካ እንደወጣ። ሚያዝያና ግንቦት ሞቃት ናቸው፣ የበልግ ዝናብም ጣል ጣል ያደርጋል። ክረምቱ ሲመጣ ስሩ አፈር ይዞ ይቆየዋል። እስከዚያው ግን ራስህ አጠጣ፤ በበልግ ዝናብ ብቻ አትመን።»

ዝም አለና ስለ ጉድጓዱ ጠየቀኝ። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ከለቡ እስከ ጀሞና ሃና ማርያም ብዙው መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይዞ አይለቅም። ዋልካ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ለስላሳ አፈር ብትሞላበት፣ የሰፈሩ ጎርፍ ሁሉ እዚያ ይጠራቀምና ስሩን ያበሰብሰዋል። ጉድጓዱን ሰፋ አድርገህ፣ ከአካባቢው መሬት ከፍ ያለ መደብ ሥራለት፤ ውሃው የሚወጣበትም ቦይ ይኑረው። ግንዱ ድሮ ከቆመበት በላይ እንዳይቀበር። ሰዎች እንዳይወድቅ ብለው ጠልቆ እንዲገባ ያደርጋሉ፤ ያ ስሩን ያፍነዋል። ደግፈው እንጂ አትቅበረው።

«በምስማር ልቸንክርበት?»

«በጭራሽ! ዘንባባ ከሸንበቆና ከእንሰት ወገን ነው፤ ግንዱ እንደ ሌላው ዛፍ ቁስሉን አይሸፍንም። የወጋኸው ቀዳዳ እድሜውን ሙሉ ይኖራል። ግንዱን በጆንያ ጠቅልለህ፣ አጠና በጆንያው ላይ በገመድ እሰርለት።»

እንሰትን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። የጉራጌ ገበሬ እንሰትን እስኪደርስ ድረስ ደጋግሞ እየነቀለ ይተክላል፤ ስሩ ቢቆረጥም ከግርጌው አዲስ እንደሚያወጣ ያውቃል። ዘንባባም ስሩን የሚያወጣው ከግንዱ ግርጌ ነው። ስለዚህ ሲነሳ ከግንዱ ዙሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አብሮ ይምጣ፣ አፈሩም እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ይቆረጡ፤ የቀሩት ወደ ላይ ተሰብስበው ይታሰሩ።

«ልቡን ግን ጠብቅ» አልኩት። ከላይ መሃል ለመሃል የሚወጣው ለጋ ቅጠል የሚነሳው ከአንድ ቡቃያ ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ዛፉ ሌላ አያወጣም፤ አበቃለት። ክሬኑ ሲያነሳው ገመዱ ከግንዱ ይያዝ እንጂ አናቱን አይንካ። ለሚመጣው ሆሳዕናም ጎረቤት ለጋውን ቅጠል ቢለምንህ እምቢ በል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ይለፈው።

እናንተም ግቢ የምታፈርሱ ሰዎች፣ ዘንባባ ካላችሁ ዶዘሩ ሳይገባ ለሚፈልገው ሰው ንገሩት። የማፍረሻውን ቀን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ዛፉ በሚያዝያ ወይም በግንቦት እንዲነሳ አድርጉ።