ተናገሩ፤ ግን ዋጋውን ማን እንደሚከፍል አትርሱ
ለአማርኛ ይዘት ፈጣሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ የዩቲዩብ፣ የቲክቶክና የፌስቡክ ሰዎች ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ የሚጻፍላችሁ ከአምባሰል፣ ከግሸን ነው። ብዙዎቻችሁ ግሸንን የምታውቁት መስከረም 21 በሚከበረው ንግሥ ነው። አምባው ግን የእስር ታሪክም አለው። ለዙፋን ያሰጋሉ የተባሉ የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች እዚህ ይጋዙ ነበር፤ መልእክት እንዳይወጣም ዘብ ይቆም ነበር። የዙፋን ሽኩቻው ግን በዚያ አልቆመም። በእኛም ዘመን ሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማሪያን ታስረው በሽብር ተከሰሱ፤ የአገሪቱ ጥያቄ ግን አብሯቸው አልታሰረም። ሰውን ዝም ማሰኘት ጥያቄውን አያጠፋም፤ ስለዚህ «የመዝናኛ ሰው ፖለቲካ ምን አገባው?» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው፦ ያገባዋል። ግብር ይከፍላል፣ ወገን አለው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም ሐሳብን የመግለጽ መብትን በሙያ አልከፋፈለም።

መብቱ የእናንተ ቢሆንም የቃላችሁን ዋጋ የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሷል፤ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ኩባንያው ይጠየቅ፤ ነገር ግን ጽሑፉን የጻፈውም ያጋራውም ሰው ነው። የእኛም የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተዘግቶ ሳለ፣ ስለ እኛ በየሰዓቱ ይወራ ነበር። «ይህ አልሆነም» ብሎ ሊያርም የሚችለው የአካባቢው ሰው መስመር አልነበረውም። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ ነው፤ መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል።

«እኛ ጋዜጠኞች አይደለንም፤ የግል አስተያየት ነው» ትላላችሁ። አስተያየት ከሆነ አስተያየት ይምሰል። ግምታችሁን በቀይ ፊደል «ሰበር ዜና» ብላችሁ፣ ከሌላ ዓመት የተወሰደ የጦርነት ፎቶ ስትለጥፉበት፣ ተመልካቹ የሚያየው የደረሰ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል። እኔ ግን የምማጸነው ሕሊናችሁን ነው፤ ሕጉ ተቺን ለማፈን ሊውል ይችላልና። እናንተው ራሳችሁን ስታርሙ አፋኙን ሰበብ ታሳጡታላችሁ።

«ይህን ሁሉ ካጣራን ዝም ልንል ነው» የሚልም አይጠፋም። በፍጹም። ያያችሁትን «አየሁ»፣ የሰማችሁትን «ሰማሁ»፣ የምታስቡትን «ይመስለኛል» ብሎ መለየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የግለሰብ ስምና መኖሪያ አታውጡ፤ ስትሳሳቱ ቪዲዮውን በዝምታ ከማጥፋት ይልቅ በዚያው ገጽ እርማቱን ተናገሩ። ዝም ያለውን ባልደረባችሁንም «ለምን አልተናገርክም?» እያላችሁ በላይቭ አታሳድዱት፤ የማያውቀውን እንዲናገር ማስገደድ ለሕዝብ አይጠቅምም። ከ«ላክ» በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ቃል ስህተት ቢሆን ማን ይጎዳል? የሚጎዳው ሰው አጠገባችሁ ቢሆን የማትሉትን፣ ሩቅ ስለሆነ አትበሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከግሸን፣ አምባሰል