የዛገች መኪና ወድጄ

በእኛ ክፍል «አሮጌ መኪና» የሚል ቃል ከተነሳ ሳቅ ይቀድማል። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ጓደኛዬ «ኮምፒውተር የማይሰካባት መኪና መኪና አትባልም» ሲል ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ ሳይሆን መልሱ ስለረዘመብኝ ነው። እነሆ ዛሬ ልጻፈው።

እዚህ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ ለመማር ከመመዝገቤ በፊት እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ ከተማ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሳት ነበር። የአራት ወር ቁጠባዬን አውጥቼ በ1972 የተሠራች፣ ሸራዋ የሚገለጥ ኤምጂቢ የገዛሁት እዚያ ነው። ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከኦክስፎርድ በስተደቡብ በምትገኘው አቢንግደን ስትመረት ኖራ ቁጥሯ ከግማሽ ሚሊዮን ያለፈ ስፖርት መኪና ናት። ፋብሪካው በ1980 ተዘግቷል፤ ስሙም ዛሬ በቻይና ኩባንያ እጅ ነው።

እናቴ በስልክ ስነግራት «ልጄ፣ ሰው ፈረንጅ አገር ሄዶ አዲስ ይገዛል እንጂ ዝገት ይሰበስባል?» አለችኝ። የላክሁላት ብር በዚያ ወር ጎድሎ ነበርና መልስ አልነበረኝም። ደግሞም ልክ ነበረች። ይህች መኪና ራሱን የቻለ ሻሲ የላትም፤ ጥንካሬዋ ያለው ከበሮቹ ሥር በሚያልፈው ድርብርብ ላሜራ ላይ ነው። እንግሊዞች በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። ጨውና ውኃ ገብቶ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከላይ ግን ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ያምራል። እኔ በክሪክ ካነሳኋት በኋላ በሩን ልዝጋ ብል እምቢ አለኝ። ለካ አካሏ መሐሉ ላይ ጎብጧል! ሻጩ ይህን ያውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር። ብየዳው መኪናዋን ከገዛሁበት ዋጋ በላይ ወሰደ።

ከዚያ የቤንዚን ፖምፓው መጣ። ፖምፓው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን ከኋላ ጎማ አጠገብ ከሥር ነው የተገጠመው። ቁልፍ ስታዞሩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ካርቡሬተሮቹ ሲሞሉ ዝም ይላል። ጠዋት ላይ ድምፁ ከጠፋ በውስጡ ያሉት መገናኛ ነጥቦች ተቃጥለዋል ወይም ተጣብቀዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ? ከመኪናው ሥር ተጋድሞ በመዶሻ እጀታ ኳ ማድረግ። ቀልድ አይደለም፣ ባለቤቶቹ ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። እኔም በዝናብ፣ በሥራ ልብሴ፣ ስንት ቀን ተጋድሜያለሁ። ብሎኖቿ ደግሞ በኢንች የተለኩ ናቸው። በግማሽ ኢንቹ ራስ ላይ 13 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ብታስገቡ የገባ ይመስላል፤ ጠበቅ ስታደርጉት ግን ይሽከረከርና ጠርዙን ይበላዋል። ለዚህ ትምህርት የከፈልኩት የሁለት ጣቶቼን ቆዳ ነው።

ታዲያ ምን ይወደድላታል? አንዱን ልንገራችሁ። ኦክስፎርድ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከሥራ ባልደረቦቼ ሌላ ያነጋገረኝ ሰው አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። መኪናዋን ከያዝኩ በኋላ ግን ቤንዚን ልቀዳ በቆምኩ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ይመጣና «ወንድሜ እንዲህ ያለች ነበረችው» ብሎ ይጀምራል። ከየት መጣህ ሳይለኝ ስለ ካርቡሬተር ይጠይቀኛል። ጎረቤቴ፣ አምስት ዓመት በአጥር ላይ አንገቱን ብቻ ሲነቀንቅልኝ የኖረው ጡረተኛ፣ ኮፋኖው ተከፍቶ ሲያይ ጊዜ የራሱን መፍቻዎች ይዞ መጣ። ካንዴላ አውጥቶ ከቀለሙ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት እንደሆነ ማንበብን ያስተማረኝ እሱ ነው። ዛሬ ወርክሾፕ ውስጥ ከእናንተ የምበልጥበት ነገር ካለ እሱ ብቻ ነው።

«የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው» የሚሉትን ግን አልደግፍም። እውነቱን እንነጋገር፤ ኤርባግ የላት፣ ኤቢኤስ የላት፤ 1,798 ሲሲ ሞተሯም ሽቅብ ላይ በተራ የቤተሰብ መኪና ይቀደማል። ልጅ ላሳፍርባት አልደፍርም። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። እኛ ሴንሰር ተነስቶ ሌላ ሴንሰር ሲተካ እያየን ነው የምንመረቀው። እሷ ላይ ግን ቤንዚኑ፣ አየሩና ብልጭታው ሁሉ በዓይን ይታያሉ፣ በጆሮ ይሰማሉ። የመኪናን ሥራ ለማስተማር ከእንዲህ ያለች የተሻለ መጽሐፍ አላየሁም። ክፍላችን አንድ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ገዝቶ ቢያስቀምጥ ምን ይጎዳል?

ይዤያት ልመጣ አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ነው፤ በ2024 ደግሞ የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በነዳጅ ለምንቸገር ሰዎች ምክንያቱ ይገባኛል፣ አልከራከርም። እሷ ግን እስካሁን ጎረቤቴ ጋራዥ ውስጥ በስሜ ቆማለች።

ባለፈው ሳምንት ጻፈልኝ። ገዢ ተገኝቷል፣ ወጣት ነው፣ ስለ መኪና ብዙም አያውቅም። ገንዘቡ የእናቴን ጣሪያ ያስቀይራል፤ ዘንድሮ ክረምት ያፈሰሰውን እኔው በባልዲ ስቀበል ነበር። ሦስት ቀን አሰብኩበት። በአራተኛው «ሽጥለት» ብዬ መለስኩ፤ መዶሻውንም አብረህ ስጠው፣ የት እንደሚመታም አሳየው አልኩት።