የበዓል አንድነት በማን ጉልበት ይቆማል? የኮልካታው ዱርጋ ፑጃ እንደ ማሳያ

ስለ ሕንድ በዓላት የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሐሳብ ይስማማሉ፤ በዓል የተራራቀውን ያቀራርባል፣ የደረጃ ልዩነትን ያስረሳል፣ ማኅበረሰብን ያስተሳስራል ይላሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በኮልካታ ከተማ የሚከበረውን የዱርጋ ፑጃ በዓል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 በማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲያካትት ያወጣው መግለጫም ከዚህ ሐሳብ የራቀ አይደለም። በመግለጫው መሠረት ሕዝቡ ለበዓሉ የተሠሩትን ዳሶች እየተዘዋወረ በሚጎበኝበት ወቅት በመደብ፣ በሃይማኖትና በብሔረሰብ መካከል ያለው አጥር ይፈርሳል።

አባባሉ እውነትነት አለው። በበዓሉ ሌሊቶች የከተማዋን ጎዳናዎች የሚያጥለቀልቀው ሕዝብ ማንነቱ ሳይጠየቅ ከዳስ ወደ ዳስ ይሄዳል፤ ባለሀብቱና የቀን ሠራተኛው በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ይሁን እንጂ በአንድ ጎዳና ላይ አብሮ መመልከትና የአንድ ማኅበር አባል መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የበዓሉን አንድነት በተመልካቹ ብዛትና በደስታው ግለት ብቻ የሚለካ ጥናት ዋናውን ጥያቄ ሳይነካው ያልፋል። በዓሉን የሚያቆመው ማን ነው? ወጪውን ማን ያዋጣል፣ ማን ይወስናል፣ ማን ይሠራል፣ ማንስ በደጅ ይቀራል? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የበዓል አንድነት ከጋራ ሥራ የሚወለድ እንደ መሆኑ፣ ስፋቱም ሆነ ጥበቱ መመዘን ያለበት በዚሁ ሥራ ውስጥ ነው የሚል ነው።

ከባላባት ግቢ ወደ ሠፈር

ዱርጋ ፑጃ በሂንዱ የዘመን አቆጣጠር አሽዊን በሚባለው ወር፣ አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም በኦክቶበር ውስጥ ይከበራል። እንስት አምላክ ዱርጋ በጎሽ መልክ የሚገለጠውን መሒሻሱርን ድል የነሣችበት መታሰቢያ ነው። ቤንጋሎች ግን ከድሉ ትረካ ጎን ለጎን ለቤተሰብ የቀረበ ሌላ ትርጉም ይሰጡታል፤ ዱርጋ አራት ልጆቿን፣ ላክሽሚን፣ ሳራስዋቲን፣ ካርቲክንና ጋኔሽን አስከትላ ከባሏ ቤት ወደ ወላጆቿ ቤት ለጥቂት ቀናት የምትመለስ ልጅ ናት። ዳሻሚ በሚባለው የመጨረሻ ቀን ምስሏ ወደ ወንዝ ሲሰጥም የሚታየው ሐዘን ልጁን ወደ ባሏ አገር የሚሸኝ ቤተሰብ ሐዘን ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዓሉ በአመዛኙ የባላባቶችና የባለጸጎች የግቢ ድግስ ነበር። የሾባባዛሩ ባላባት ናባክሪሽና ዴብ ከፕላሲ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1757 የጀመረው ድግስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹማምንት ሳይቀሩ ይጋበዙበት ነበር። ድኻው ጎረቤት ወደ ግቢው የሚገባው በተመልካችነት ወይም በአገልጋይነት እንጂ በባለቤትነት አልነበረም። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1790 ጉፕቲፓራ በተባለ መንደር 12 ወዳጆች ከጎረቤቶቻቸው መዋጮ ሰብስበው የራሳቸውን በዓል አቆሙ፤ “ባሮዋሪ” የሚለው ስያሜም ከእነዚህ 12 ወዳጆች የመጣ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት፣ የፀረ ቅኝ አገዛዝ ንቅናቄ በተጋጋለበት ጊዜ፣ “ሳርቦጆኒን” ማለትም “የሁሉም ሕዝብ” የሚለው ስያሜ ተከተለ።

የስያሜዎቹ ቅደም ተከተል ራሱ የማኅበራዊ ታሪክ ሰነድ ነው። በዓሉ ከአንድ ባላባት ወደ 12 ወዳጆች፣ ከ12 ወዳጆች ወደ ሠፈርተኛው ሁሉ ሰፋ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዱርጋ ያችው ዱርጋ፣ ትረካውም ያው ትረካ ነው። የተለወጠው ገንዘብ የሚሰበስበውና ውሳኔ የሚሰጠው አካል ነው። አጥሩን የገፋው እንግዲህ የባላባቱ ቸርነት ወይም የሕዝቡ ደስታ ሳይሆን፣ በደጅ የነበሩ ሰዎች መዋጮና ኮሚቴ የማዋቀር ዐቅም ማዳበራቸው ነው።

ደስታው ከመምጣቱ በፊት

በማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ የበዓልን ኃይል ለማብራራት ሁለት ስሞች ደጋግመው ይነሣሉ። ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ሥራው ሰዎች ለአምልኮ ሲሰበሰቡ የሚፈጠረው የጋራ ግለት ማኅበረሰብ ራሱን የሚያድስበት ምንጭ መሆኑን አመለከተ። ቪክተር ተርነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 በሥርዓተ አምልኮ ጊዜ ማዕርግና ደረጃ ለጊዜው የሚቀልጡበትን ሁኔታ “ኮሙኒታስ” ብሎ ሰየመው። ሁለቱም ትኩረታቸውን ያሳረፉት ሰዎች አንድ ላይ በሚሆኑበት፣ ስሜት በሚንርበት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ሰዓት በፊት ያሉት ወራት ግን ከእይታ ውጭ ይቀራሉ።

የኮልካታ የሠፈር ኮሚቴ ሥራ የሚጀምረው ከበዓሉ ወራት አስቀድሞ ነው። አባላቱ “ቻንዳ” የሚባለውን መዋጮ በየቤቱ እየዞሩ ይሰበስባሉ፤ ለዱርጋ ምስል በሰሜን ኮልካታ ከሚገኘው የኩማርቱሊ የሸክላ ሠሪዎች ሠፈር ጋር ይዋዋላሉ፤ ከቀርከሃና ከጨርቅ የሚሠራውን “ፓንዳል” የተሰኘ ዳስ ያስተክላሉ፤ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ መከላከያ ፈቃድ ያወጣሉ፤ መብራቱን፣ ከበሮውን፣ ምግቡንና ምስሉን ወደ ወንዝ የሚያደርሰውን ተሽከርካሪ ያሰናዳሉ። ጎረቤት ጎረቤቱን በስም የሚያውቀው፣ የሚጣላውና የሚታረቀው በዚህ ሂደት ውስጥ ነው። የዕድርን አሠራር ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ዕድርን ዕድር የሚያደርገው የሐዘኑ ቀን ብቻ ሳይሆን በየወሩ የሚከፈለው መዋጮና የሚያዘው መዝገብ ነው።

መዋጮው ሁልጊዜ በፈቃድ ነበር ማለት ግን አይደለም። ቻንዳ በማስፈራራት የሚሰበሰብባቸው ሠፈሮች እንዳሉ የከተማዋ ነዋሪዎች ሲያማርሩ ኖረዋል። ቀጥሎም የገንዘቡ ምንጭ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤዥያን ፔይንትስ የተባለው የቀለም ኩባንያ ለምርጥ ፑጃዎች ሽልማት ማዘጋጀት ጀመረ፤ የማስታወቂያና የድጋፍ ገንዘብም እየበረከተ ሄደ። ውድድሩ ለጥበብ በር ከፍቷል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ታፓቲ ጉሃ ታኩርታ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት መጽሐፍ በዓሉ ወደ ከተማ አቀፍ የጥበብ ዐውደ ርእይ ማደጉን በሰፊው መርምረዋል። በአንጻሩ ከጎረቤት ኪስ ይልቅ ከኩባንያ ካዝና የሚኖር ኮሚቴ የጎረቤቱን በር ማንኳኳት አያስፈልገውም። በሩ ካልተንኳኳ ደግሞ ዳሱ እየደመቀ ሠፈሩ ሊላላ ይችላል።

መንግሥትም ወደዚህ ሥፍራ ገብቷል። የምዕራብ ቤንጋል መስተዳድር እ.ኤ.አ. በ2018 ለእያንዳንዱ ኮሚቴ 10,000 ሩፒ መስጠት ጀምሮ በ2024 ድጎማውን 85,000 ሩፒ አድርሶታል። በዚያው በ2024 በከተማዋ በሚገኝ አንድ የመንግሥት የሕክምና ኮሌጅ በሥልጠና ላይ የነበረች ሐኪም ተደፍራ በመገደሏ ሰፊ የሕዝብ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ የተወሰኑ ኮሚቴዎችም ድጎማውን አንቀበልም አሉ። ይህ እምቢታ ብዙ ይናገራል። እምቢ ለማለት በመጀመሪያ ሌላ የገቢ ምንጭ፣ ማለትም የሚያዋጣ ጎረቤት ያስፈልጋል። ስለሆነም የኮሚቴው ነጻነት የሚለካው በመዋጮ መዝገቡ ላይ በሰፈሩ ስሞች ብዛት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለአንዱ ጌጥ፣ ለሌላው ሸክም

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። በበዓል ጊዜ ግን ሎሚው ለሁሉም እኩል አይታደልም። “ዳክ” የሚባለውን ትልቅ ከበሮ የሚመቱት ሰዎች አብዛኞቹ ከገጠር ወረዳዎች የሚመጡ ድኾች ናቸው፤ በዓሉ ሲቃረብ በሲያልዳ የባቡር ጣቢያ ተሰብስበው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። ሌላው ከቤተሰቡ ጋር በሚያከብርባቸው ቀናት እነርሱ ከቤተሰባቸው ርቀው ከበሮ ይመታሉ። በመጨረሻው ቀን ያገቡ ሴቶች ቀይ የሲንዱር ዱቄት እየተቀባቡ ዱርጋን በሚሸኙበት ሥርዓት ላይ፣ በልማዱ መሠረት መበለቶች አይሳተፉም። የወላጆቿ ቤት ልጅ የምትሸኝበት በዓል ባል የሞተባትን ልጅ ከዳር ያቆማል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የአፈሩ ጉዳይ ነው። በልማዱ መሠረት የዱርጋ ምስል ከሚሠራበት ጭቃ ጋር በወሲብ ንግድ ከሚተዳደሩ ሴቶች ደጅ የተወሰደ አፈር መቀላቀል አለበት። ለልማዱ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ወደዚያ ቤት የሚገባ ሰው ምግባሩን ከደጃፉ ላይ ጥሎ ስለሚገባ አፈሩ የተቀደሰ ነው ይላል። አፈራቸው የሚፈለገው ሴቶች ግን በሠፈር በዓላት ላይ እንደ ማንኛውም ጎረቤት የሚታዩ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሶናጋቺ ሠፈር ሴቶች በማኅበራቸው በዱርባር አማካይነት የራሳቸውን ፑጃ ለማክበር ፈቃድ ቢጠይቁ ተከለከሉ፤ ጉዳዩን ወደ ካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወስደው በፍርድ ቤቱ ውሳኔ አከበሩ።

በዓሉ አጥርን በራሱ የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ ለእነዚህ ሴቶች ፍርድ ቤት ባላስፈለጋቸው ነበር። በሌላ በኩል ሴቶቹ የጠየቁት ከበዓሉ መውጣትን ወይም በዓሉን መንቀፍን አይደለም። የጠየቁት ልክ እንደ ጉፕቲፓራዎቹ 12 ወዳጆች የራሳቸውን ኮሚቴ፣ የራሳቸውን መዋጮና የራሳቸውን ዳስ ነው። ይህም በዓሉ ምን ያህል ዋጋ ያለው ማኅበራዊ ሀብት እንደ ሆነ ያሳያል፤ ሰው ከንቱ ለሆነ ነገር ፍርድ ቤት አይቆምም።

የሚያሰባስብ ከበሮ፣ የሚለይ ከበሮ

በዓል የሚያሰባስበው ማኅበር ወሰን እንዳለው ከቤንጋል ውጭም በግልጽ ይታያል። በምዕራብ ሕንድ ባል ጋንጋዳር ቲላክ ከ1893 እስከ 1894 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በፑኔ ከተማ የጋኔሽን በዓል ከቤት ወደ አደባባይ ለማውጣት የተደረገውን ጥረት በግንባር ቀደምትነት አራመደ። በዓሉ ብራህሚኖችንና ሌሎች የሂንዱ ማኅበረሰብ ክፍሎችን በአንድ ሰልፍ አሰለፈ፤ ለፀረ ቅኝ አገዛዙ ትግልም መድረክ ሆነ። ነገር ግን የተስፋፋው በ1893 በቦምቤይ በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል ከደረሰው ግጭት ማግሥት ነበር። ቀደም ሲል በፑኔ ብዙ ሂንዱዎች በሙስሊሞቹ የሙሐረም ሰልፍ ይሳተፉ ነበር፤ አዲሱ በዓል ከዚያ እንዲቀሩ የሚገፋፋ ቅስቀሳም ይዞ መጣ። አንድ አጥር ሲፈርስ ሌላው ተተከለ።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በኮልካታው በዓል የሥራው ሰንሰለት ከሰልፉ የበለጠ ሰፊ ነው። የዱርጋን ምስል የሚያስጌጠው ከጁት ክር የሚሠራ ፀጉር በሐውራ አካባቢ ባሉ መንደሮች በሙስሊም ቤተሰቦች እጅ ይሠራል። የአምልኮው ወሰን የሚለያቸው ሰዎች በሥራው ይገናኛሉ፤ ይህ ግንኙነት ግን በበዓሉ ሌሊት በጎዳና ላይ ለቆመ ተመልካች አይታየውም።

የሚቀርብ ተቃውሞና መልሱ

ለጥቂት ሌሊቶችም ቢሆን በእኩልነት አብሮ መሄድ ዋጋ የለውምን? የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ዋጋ አለው። ሰው ከለመደው ደረጃ ወጥቶ ሌላ ዓይነት ኑሮ እንደሚቻል የሚቀምስበት ሌሊት ቀላል ነገር አይደለም። የሶናጋቺ ሴቶች ጥያቄ ራሱ ከዚህ ቅምሻ ተለይቶ ሊታይ አይችልም፤ “የሁሉም ሕዝብ” የሚል ስም ባይኖር ኖሮ የተከለከለው ሰው የሚጠቅሰው ቃል ኪዳን ባልኖረውም ነበር። ጥያቄው ቅምሻው በ11ኛው ቀን ምን ይሆናል የሚለው ነው። ከበሮ መቺው ወደ መንደሩ ከተመለሰ፣ ዳሱ ከፈረሰና ጭቃው በውኃ ከሟሟ በኋላ የሚቀረው ኮሚቴው፣ መዝገቡና በመዝገቡ ላይ ያሉት ስሞች ብቻ ናቸው። እነዚህ ሳይሰፉ የሌሊቱ እኩልነት ሰፋ ማለት አይቻልም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ለተመራማሪዎች ተጨባጭ የሆነ የአሠራር ለውጥ ነው። በዓልን የሚያጠና ሰው በበዓሉ ቀን ከሚያየው ሕዝብ በተጨማሪ የመዋጮ ደረሰኞችን፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችን፣ የፈቃድ ማመልከቻዎችንና የቅጥር ውሎችን መመርመር ይገባዋል። በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች፣ ተከራዮች፣ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ የካስት አባላትና የሌላ እምነት ተከታዮች ምን ሥፍራ እንዳላቸው መጠየቅም አለበት። ጥያቄው ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም የሩቅ አይደለም፤ የመስቀል በዓል እ.ኤ.አ. በ2013፣ የጥምቀት በዓል በ2019 ዱርጋ ፑጃ በሰፈረበት በዚያው የዩኔስኮ የቅርስ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግበዋልና።

ቅርስ ሆኖ መመዝገብ በዓሉን ለዓለም ያስተዋውቃል፤ ከባለቤቶቹ መካከል ማን እንደሚቆጠር ግን አይወስንም። ይህን የሚወስኑት በየዓመቱ ከበዓሉ ወራት አስቀድሞ በየሠፈሩ የሚቀመጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የማንን በር እንደሚያንኳኩና የማንን እንደሚያልፉ የሚመርጡት እነርሱ ናቸውና።